ደረሰኝ ያለውና ደረሰኝ የሌለው ኪራይ፦ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ የቤት ታሪክ ከ1928 እስከ 2016 ዓ.ም.

በአነስተኛ ከተማ መኖር ርካሽ ነው የሚለው እምነት በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ቢሆንም በምን ማስረጃ ላይ እንደቆመ ግን እምብዛም አልተመረመረም። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያማረረው የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሰሜን ወሎ ቢዛወር ኑሮው የሚቀልለት ይመስለዋል፤ ወልድያ ላይ ለአንዲት የጭቃ ክፍል የደመወዙን ትልቅ ድርሻ የሚከፍለው መምህር ደግሞ ይህ ተስፋ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ለአባባላቸው ማስረጃ አያጡም። ቅራኔው የመነጨው ከተናጋሪዎቹ ሳይሆን ከምንጮቹ ጠባይ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ባለፉት 50 ዓመታት ርካሹ ቤት የቀበሌ ቤት ስለነበረ ለየወሩ ኪራይ ደረሰኝ ተቆርጦለታል፤ ውዱ ቤት ግን በግለሰቦች መካከል በቃል የሚከራይ፣ ለረጅም ጊዜም ሕግ የከለከለው ስለነበረ ወረቀት አልተወም። እንግዲህ በሰነድ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚጽፍ ሰው፣ የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ ከነበረው ይልቅ የረከሰ ከተማ መሣሉ አይቀርም።

ወደ ዘመናቱ ከመግባታችን በፊት ስለ አቀማመጡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የቤት ዋጋ በመጀመሪያ የመሬት ጉዳይ ነውና። ወልድያ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ግድም፣ ተራሮች በከበቧት ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች። እንደ መቻሬ ካሉት ጥቂት ሜዳዎች በቀር ቤት ለመሥራት የሚመች ደልዳላ ቦታ አይበዛላትም። ከእርሷ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ደቡብ የምትገኘው የሐብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ ደግሞ ዝቅ ያለች፣ ሞቃትና በመስኖ በሚለማ ፍራፍሬ የታወቀች ናት። በሐብሩ ከመርሳ ሌላ ውርጌሳን፣ ሲሪንቃንና ግራናን የመሳሰሉ የመንገድ ዳርና የገጠር ከተሞች አሉ። ወልድያ እንዳትሰፋ የሚይዛት ተዳፋቱ ሲሆን መርሳን የሚይዛት የአትክልቱ ማሳ ነው፤ ይህ ልዩነት ወደ ኋላ እንደምናየው በሁለቱ ከተሞች የቤት ታሪክ ላይ የየራሱን አሻራ አኑሯል።

ወልድያ ከመኪና መንገድ በፊትም የየጁ ገበያና የገዥዎች መቀመጫ ነበረች። በዘመነ መሳፍንት ከታላቁ ራስ አሊ እስከ ዳግማዊ ራስ አሊ ድረስ የጎንደርን ቤተ መንግሥት በእጃቸው አድርገው የኖሩት ራሶች የተነሡት ከዚሁ ከየጁ ነው። ይህንን ቀዳሚነት አጥብቀው የሚይዙ የአካባቢው ተራኪዎች ከተማዋን የገበያው ልጅ ያደርጓታል፤ የከተሞችን ታሪክ ከመንገድ ጋር አያይዘው የሚጽፉት ደግሞ ትውልዷን ከጣልያን ወረራ ዘመን ይቆጥራሉ። በእኛ ግምት ሁለቱ አስተያየቶች የሚጋጩት ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሰጡ መስሎ ሲታይ ብቻ ነው። ሳምንታዊ ገበያ ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ነገር ግን ገበያተኛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቀየው የሚመለስ ስለሆነ የኪራይ ቤት አያስፈልገውም። ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ደሴም በሚያዝያ 1928 ከተያዘች ወዲህ፣ ጣልያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ በዚህ ሲያሳልፉት ግን አዲስ ዓይነት እንግዳ መጣ፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጭነት ጠባቂው፣ በኋላም ተዛዋሪው የመንግሥት ሠራተኛ። እነዚህ ማደሪያ ይሻሉ፤ ማደሪያም ዋጋ አለው። ገበያው ከተማዋን ሠራት ብንል፣ ኪራይን ያመጣላት መንገዱ ነው ማለት ያስኬዳል። መርሳም ከጎዳናው ግራና ቀኝ የተዘረጋች መሆኗ ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

ከነፃነት መመለስ እስከ 1966 ባለው ጊዜ ወልድያ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱና ትምህርት ቤቱ ከሌላ አገር የሚመጡ ሠራተኞችን ሲያመጡ፣ ጥሪት ያላት ባለ ጠጅ ቤት ወይም ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ነጋዴ ከመኖሪያው ጎን ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ ማከራየት ጀመረ። የዚያ ዘመን ቤት አሠራር ዛሬም በየመንደሩ ይታያል፤ የባሕር ዛፍ ወይም የጥድ ምሰሶ፣ በማገር የተያያዘ ግድግዳ፣ ከጭድ ጋር የተረገጠ ጭቃ፣ በላዩም ቆርቆሮ። ምርጊቱ በየክረምቱ ይረግፋል፤ ስለዚህ ቤቱ የሚኖረው በየዓመቱ የሚመርገው እስካለው ድረስ ነው። ይህንን ነጥብ አንባቢው እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

የ1965 እና የ1966ቱ ረኀብ በወሎ ላይ ያደረሰውን እልቂት እዚህ ላይ መተረክ ከርእሳችን ያወጣናል። ለቤት ታሪክ የሚበጀው አንድ ነገር ነው፤ የመንገድ ዳር ከተሞች ለሕይወት መጠጊያ ሆኑ። እርዳታ የሚመጣው በመንገዱ ነውና ረኀብተኛው ወደ መንገዱ ወረደ፤ ከሞት ከተረፉትም መካከል ወደ ቀየው ያልተመለሰው በከተማው ጥግ ጎጆ ቀለሰ። ተመሳሳይ ፍልሰት በ1977ቱ ረኀብ ተደገመ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976፣ ይኸው ችግር እየበረታ ባለበት ወቅት ስለነበረ፣ ስለ ወሎ ከተሞች የሚሰጠው ቁጥር ሕዝቡ በጉዞ ላይ ሳለ እንደተነሣ ፎቶግራፍ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ሰነድ እንመጣለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ ያለ ካሣ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወሰነ፤ የአከራይና የተከራይን ግንኙነትም አፈረሰ። ኪራይ እንዲቀነስ ሲደነገግ ከሁሉ የላቀው ቅናሽ፣ እስከ ግማሽ የሚደርሰው፣ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ሆነ። ከወር 100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በዘመኑ የገንዘብ አቅም እንደ ወልድያ ባለች የአውራጃ ከተማ 100 ብር የሚያወጣ ቤት ብርቅ እንደነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ስለዚህ እዚያ «ትርፍ ቤት» ማለት ከጥቂቶች በቀር «የቀበሌ ቤት» ማለት ሆነ።

ስለዚህ አዋጅ ሁለት ትረካዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። የአዋጁ መግቢያ የሚናገረው የከተማ ቦታን በጥቂት እጆች ሰብስበው፣ ዋጋውን ሆን ብለው አስወድደው ስለያዙ ባላባቶች ነው። ይህ ሥዕል ለአዲስ አበባ እውነት ነበረ፤ የዋና ከተማው ሰፊ ቦታ በጥቂት መኳንንትና ባለሥልጣናት እጅ እንደነበረ የሚያከራክር አይደለም። ቤታቸው የተወረሰባቸው የአነስተኛ ከተማ ሰዎች ልጆች የሚያወሩት ግን ሌላ ነው፤ ጠላ ሸጣ ሁለት ክፍል የሠራች ባልቴት፣ በጡረታው ላይ የወር ኪራይ ይደጉም የነበረ አሮጌ ወታደር። ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ይህንን አላጡትም፤ ለትርፍ ቤት ተገቢ ካሣ እንደሚከፈል፣ በኪራይ ብቻ ይተዳደሩ ለነበሩም ድጎማ እንደሚሰጥ ጽፈዋል። ካሣው ለአብዛኞቹ ሳይደርስ መቅረቱ ደግሞ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ የባልቴቷን ታሪክ የቅሬታ ወሬ ብለን መጣል አንችልም። የተከራዩን ደስታም እንዲሁ፤ በአንድ ሌሊት ኪራዩ በግማሽ የወረደለት የቀን ሠራተኛ ያገኘው እፎይታ እውነተኛ ነበር። አዋጁ የተጻፈው ለመሳፍንት ነው፤ በወልድያ ላይ የወደቀው ግን በአብዛኛው በትንንሽ ሰዎች ላይ ነው። ይህ ፍርዳችን ነው፤ ማንኛውም ፍትሐዊ የወሎ ከተሞች ታሪክ ሁለቱንም ወገን በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ይኖርበታል ብለን እናምናለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ወደ ምርጊቱ እንመለስ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ፣ በየወሩ የሚሰበሰበው ጥቂት ብር ምሰሶ ለመቀየር እንኳ የማይበቃ ሆነ። ተከራዩ በበኩሉ ግድግዳውን ይመርጋል፣ ለእንቁጣጣሽም ኖራ ይቀባል እንጂ በእርሱ ስም ላልሆነ ቤት ብሎኬት አይገዛም፤ ቢፈልግም ያለ ቀበሌው ፈቃድ አንድ ክፍል መጨመር አይችልም። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ጎበጠ፣ ምሰሶው በምስጥ ተበላ፣ መጸዳጃው ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ የጋራ እንደሆነ ቀረ። ርካሽነቱና መጎሳቆሉ አንድ ምክንያት ነበራቸው። የቤቶችን ዋጋ ብቻ አይቶ ኑሮን የሚመዝን ጥናት ይህንን አያገኘውም።

አዲስ መጤው ደግሞ የት ገባ? አዋጁ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘትን ስለከለከለ የሚከራይ የግል ቤት በሕግ ፊት አልነበረም። በተግባር ግን ደባል ነበረ። ባለቤቱ ወይም የቀበሌ ቤት ተከራዩ አንዷን ክፍል ለዘመድ፣ ለአገር ልጅ፣ ለተማሪ ይሰጣል፤ ገንዘቡ በእጅ ይተላለፋል፤ ጎረቤት ቢጠይቅ «የእኅቴ ልጅ ነው» ይባላል። ከገጠር ሐብሩ ወደ ወልድያ ለትምህርት የሚመጣው ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ከጓደኞቹ ጋር የሚያድርባት ክፍል በደርግ ዘመን ሁሉ በማንኛውም መዝገብ ውስጥ የለችም። በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የግል ቤት ማከራየት በግልጽ ተፈቀደ፤ ውሉ ግን በቃል የመሆን ልማዱን አልተወም። በተለምዶና በእምነት የተያዘ ነገር ሕግ ሲለወጥ ወዲያው ወደ ወረቀት አይወርድም።

ከ1983 በኋላ የነበረው ለውጥ ፈጣን ነው። የቀድሞው ወሎ ሲከፋፈል ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ሆነች፤ የዞን መምሪያዎች ሁሉ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ገቡ። በጥቅምት 1987ቱ ቆጠራ 24,533 የነበረው የወልድያ ሕዝብ በግንቦት 1999 ወደ 46,139 አደገ። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል የከተማዋ ክልል ራሱ የሰፋ ሊሆን ስለሚችል ዕድገቱን በሙሉ ለፍልሰት መስጠት ጥንቃቄ ይጎድለዋል፤ ቢሆንም ወደ እጥፍ መጠጋቱ ግልጽ ነው። በዚያው በ1999 በሐብሩ ከነበረው 192,742 ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 22,003 ብቻ ሲሆን ይህም ከመቶ 12 አይሞላም። በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራው ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድም ከተማዋን የሰሜንና የምዕራብ መገናኛ አድርጓት ነበርና ጎንደር በር የሚባለው ሰፈር በጭነት መኪና፣ በሆቴልና በሱቅ ሞላ። አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ከተላለፈ ወዲህ ስለ ሕዝቡ ብዛት የሚነገረው ሁሉ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም።

ቤት ፈላጊው ሲበዛ መሬት በምን መንገድ ቀረበ? በ1986 የመጣው የሊዝ ሥርዓት በአዋጅ 721/2004 ሲጠናከር፣ የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ ብቻ ሆነ፤ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ የማያንስ ተደረገ። ጨረታው ገንዘብ ያለውን ጠቀመ፤ ደመወዝተኛው በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ በዝግ ሂሳብ ቆጥቦ፣ ዕጣውን መጠበቅ ያዘ። የሁለቱም ፊት ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ገበሬው ማሳ። በመርሳ ዙሪያ ይህ ጉዳይ ከወልድያ ይልቅ ያንገበግባል፤ የሚነሣው መሬት የብርቱካንና የማንጎ ዛፍ የቆመበት፣ ቦይ የተቆፈረለት ነውና። አዋጅ 455/1997 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ምርቱን አሥር እጥፍ ሰጠው፤ አዋጅ 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ካሣው የሚለካው በእህሉና በፍሬው ሲሆን መሬቱ በኋላ የሚሸጠው በከተማ ቦታነቱ ነው። በዚህ ልዩነት መካከል የቆመው ገበሬ ማሳውን ከመወሰዱ በፊት በጥቂት በጥቂቱ ቆርሶ ለቤት ፈላጊ ቢሰጥ ልንፈርድበት አይገባም። በየከተማው ዳርቻ እንደሚታወቀው ሽያጩ በሕግ ስለማይፈቀድ ወረቀቱ የሚጻፈው በብድር ወይም በስጦታ ስም ነው፤ በሌሊት የሚቆመውም ጨረቃ ቤት ይባላል። እዚህ ላይ ሰነድ አለ፤ ነገር ግን ሰነዱ የሚለው የሆነውን አይደለም። የወደፊት ተመራማሪ እነዚያን የብድር ውሎች ሲያገኝ ገበሬው ሁሉ በዕዳ ተይዞ ነበር ብሎ እንዳይደመድም እናሳስባለን።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ማስተማር ሲጀምር፣ በኋላም የግብርና ካምፓሱ በመርሳ ሲሆን፣ የኪራይ ገበያው ሌላ መልክ ያዘ። ተማሪው በዶርም ያድራል፤ መምህሩ፣ የአስተዳደር ሠራተኛውና ተከትሎት የሚመጣው ነጋዴ ግን ቤት ይከራያል። ባለ ግቢው ከዋናው ቤት ጀርባ በአጥሩ ዳር በረድፍ «ሰርቪስ» ይሠራል፤ አራት በአራት የማይሞላ ክፍል፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ ለሁሉ፣ በግቢው መካከል አንድ ቧንቧ። ውኃው በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካኖች በተከራዮቹ የአመጣጥ ተራ ይደረደራሉ፤ የመብራቱ ሂሳብ በሰው ቁጥር ይከፈል ወይስ በአምፖል ቁጥር የሚለው የዘወትር ክርክር ነው። በጥር 2009 የተመረቀውና ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም፣ እንዲሁም ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የአካባቢውን ተስፋ ከፍ አድርገው ነበር። ሐዲዱ የንግድ አገልግሎት ሳይሰጥ ቢቆይም የመሬት ዋጋ በተስፋ ለመጨመር ሐዲዱን አልጠበቀም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወልድያ፣ መርሳና የሐብሩ ቀበሌዎች ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጡባቸው በእነዚያ ወራት ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸው በዘመኑ በሰፊው ተዘግቧል። ቤቱን ቆልፎ ወደ ደሴ የሸሸው፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የቀጠለው ቤተሰብ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ባለቤትም ተከራይም ጥገኛም ሆኗል። የዘመድና የማያውቁት ሰው ደጅ ያለ ክፍያ እንደተከፈተ ብዙዎች ይመሰክራሉ፤ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ኪራይ ያናረም ነበር። ሁለቱ ምስክርነቶች አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። በነሐሴ 2014 ቆቦ ዳግመኛ ስትያዝ የሸሸው ሕዝብ እንደገና በወልድያ በኩል አለፈ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተገኘው ሰላም ሳይደላደል፣ በሐምሌ 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

የሰው ልጅ ማደሪያ ጉዳይ በሐብሩ እጅግ በከፋ መልኩ የሚታየው ግን በጃራ ነው። ከኦሮሚያ ክልል፣ በተለይም ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች እዚያ በመጠለያ ጣቢያ ዓመታት አስቆጥረዋል። የቆጠራ ቅጽ ቤትን በባለቤትነት፣ በቀበሌ ኪራይ፣ በግለሰብ ኪራይና ያለ ኪራይ በሚኖሩበት ይከፍላል፤ የሸራ ድንኳን ከእነዚህ በየትኛው እንደሚገባ ለመወሰን መሞከር ራሱ የሰዎቹን መከራ ያሳንሳል። ከመጠለያው ወጥቶ በመርሳ ለቀን ሥራ አንዲት ክፍል የሚፈልገው ተፈናቃይ በበኩሉ ከመምህሩና ከነጋዴው ጋር ለዚያችው ሰርቪስ ይወዳደራል።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብረታ ብረትና በሌሎች ከውጭ በሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ጫና ግልጽ ነበር፤ ቤት ለመጀመር መሠረት ያወጣው የማኅበር አባል ቆም ብሎ እንዲያስብ ተገደደ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው ልክ እንዲሆን ደንግጓል። ብዙዎች ይህንን ሕግ የሚመዝኑት ኪራይን ያረክሳል ወይስ ቤት ያሳጣል በሚለው ነው፤ የ1967ቱ ታሪክ ሁለተኛው ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ያስተምራል። ለእኛ ግን ሌላም ፋይዳ አለው። ውሉ በወልድያና በመርሳ በእርግጥ ከተመዘገበ፣ መምህሩ ለሰርቪሷ የሚከፍለው ገንዘብ ከ1967 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቀበሌ ቤቱ ኪራይ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ካልተመዘገበ ደግሞ የሚቀጥለው የወልድያ ታሪክ ጸሐፊም እንደ እኛ ደረሰኙን ከአንድ ወገን፣ የአፍ ምስክርነቱን ከሌላ ወገን ይዞ መሥራት ይኖርበታል።